ከገደለ በኋላ ፊቱ ምን ይመስላል? ስለ ስድስቱ ጄምስ ቦንዶች

የፊልም ወዳጆች በተሰበሰቡበት ከማይጠፉ ክርክሮች አንዱ «ከጄምስ ቦንዶቹ ማን ይበልጣል?» የሚለው ነው። በዕድሜ ገፋ ያለው ሾን ኮነሪን ይጠራል። በቪዲዮ ካሴት ዘመን ያደገው ሮጀር ሙርን ወይም ፒርስ ብሮስናንን ይላል። ወጣቱ ደግሞ ከዳንኤል ክሬግ ሌላ ስም መስማት አይፈልግም። ክርክሩ አብዛኛውን ጊዜ በቁመና፣ በሱፍ ልብስ፣ በመኪናና በቆነጃጅት ዙሪያ ሲሽከረከር ያመሽና ማንም ማንንም ሳያሳምን ይበተናል። እኔም በዚህ ጽሑፍ ከክርክሩ ልገባ ነው። ሚዛኔ ግን ሌላ ነው።

የቦንድ የሥራ ቁጥር 007 መሆኑን የማያውቅ የለም። ከሰባቱ ፊት የቆሙት የሁለቱ ዜሮዎች ትርጉም ግን ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ዜሮዎቹ ሰውዬው በሥራው ላይ ሳለ ሰው ቢገድል እንደማይጠየቅ የሚያመለክቱ ናቸው። መንግሥቱ የመግደል ፈቃድ ሰጥቶታል ማለት ነው። እንደ መንጃ ፈቃድ፣ እንደ ንግድ ፈቃድ ያለ ፈቃድ! ለእንግሊዝ ተመልካች ይህ የልብ ወለድ ቅመም ሊሆን ይችላል። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. «ነፃ እርምጃ» የሚለውን ቃል የሰማ፣ አስከሬን ከመንገድ ዳር ወድቆ ያየ ሕዝብ ግን «የመግደል ፈቃድ» ሲባል እንደ ዋዛ ሊያልፈው አይችልም። ስለዚህ የእኔ ሚዛን ይህ ነው፦ ተዋናዩ ፈቃዱን ከተጠቀመበት በኋላ፣ ማለትም ሰው ከገደለ በኋላ፣ ፊቱ ምን ይመስላል? ምንስ ይከፍላል? (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከተዋንያኑ በፊት ስለ ፈጣሪው ጥቂት ልበል። ኢያን ፍሌሚንግ በ1908 ከባለጸጋ ቤተሰብ የተወለደ እንግሊዛዊ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በባሕር ኃይል የስለላ ክፍል የዳይሬክተሩ ረዳት ሆኖ አገልግሏል። ከጦርነቱ በኋላ ጃማይካ ውስጥ «ጎልደን አይ» ብሎ የሰየመውን ቤት ሠራ፤ በ1952ም እዚያው ተቀምጦ የመጀመሪያውን የቦንድ ልብ ወለድ «ካዚኖ ሮያል»ን ጻፈ። መጽሐፉ በ1953 ታተመ። የዋናውን ገጸ ባሕርይ ስም የወሰደው ስለ ካሪቢያን አዕዋፍ ከጻፈ አሜሪካዊ የወፍ ተመራማሪ ነው። የመረጠውም ተራና ደረቅ ስም ሆኖ ስላገኘው ነበር።

ጊዜውን ልብ ማለት ያስፈልጋል። እንግሊዝ ከጦርነቱ በድል ብትወጣም ካዝናዋ ተራቁቷል። ሕንድ በ1947 ከእጇ ወጥታለች። ሕዝቡ እስከ 1954 ድረስ ምግብ በራሽን ይገዛ ነበር። በ1956 ደግሞ በስዊዝ ቦይ ምክንያት ከፈረንሳይና ከእስራኤል ጋር ሆና ግብጽን ወግታ በአሜሪካ ግፊት አፍራ ተመለሰች። ከዚያ ውርደት በኋላ ጤናቸው የታወከው ጠቅላይ ሚኒስትር አንቶኒ ኤደን ሊያርፉ የሄዱት የት ይመስላችኋል? ጃማይካ፣ ፍሌሚንግ ቤት! እውነተኛይቱ እንግሊዝ ስትዳከም የልብ ወለዱ እንግሊዛዊ ብቻውን ዓለምን ያድን ጀመር። ቦንድ ለተዳከመ ታላቅ መንግሥት የተሰጠ መጽናኛ ነበር። የመጀመሪያው ፊልም «ዶክተር ኖ» ሲቀረጽ ቅኝ ግዛት የነበረችው ጃማይካ፣ ፊልሙ በጥቅምት 1962 ለንደን ውስጥ ሲመረቅ ነፃ ከወጣች ሁለት ወር ሆኗት ነበር።

ሾን ኮነሪ በ1930 ኤዲንብራ ውስጥ ከድኻ ቤተሰብ ተወለደ። ትምህርቱን በልጅነቱ አቋርጦ ወተት አድሏል፤ በባሕር ኃይል አገልግሎ በሕመም ተሰናብቷል፤ የሬሣ ሣጥን ወልውሏል፤ በሰውነት ግንባታ ውድድር ቀርቧል። ፕሮዲዩሰሮቹ አልበርት ብሮኮሊና ሃሪ ሳልዝማን ሲመርጡት ፍሌሚንግ ቅር ብሎት ነበር። እሱ በልቡ የያዘው እንደ ዴቪድ ኒቨን ያለ የጨዋ ልጅ ነበር። ዳይሬክተሩ ቴረንስ ያንግ ግን ኮነሪን ይዞ ወደ ራሱ ልብስ ሰፊ ወሰደው፤ አለባበሱን፣ አበላሉንና አካሄዱን አረቀለት። ውጤቱ ከየትኛውም የጨዋ ልጅ ሊገኝ የማይችል ሆነ፦ ከሱፉ ሥር የሠፈር ልጅ ጉልበት ያለበት ሰው። ፍሌሚንግም በኋላ ልቡ ራርቶ በ1964 ባሳተመው ልብ ወለድ ለቦንድ ስኮትላንዳዊ አባት ሰጠው።

አሁን ወደ ሚዛናችን እንምጣ። በ«ዶክተር ኖ» ውስጥ ፕሮፌሰር ዴንት የሚባል ሰው በጨለማ ገብቶ ቦንድ የተኛበት የመሰለውን አልጋ በጥይት ይደበድባል። ቦንድ ከበሩ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይጠብቀዋል። ሰውዬው ከወደቀበት ሽጉጡን አንሥቶ ሲተኩስ ጥይቱ አልቋል። ቦንድ ማለቁን ያውቃል። ሊይዘው፣ ሊያስረው ይችል ነበር፤ ግን ይገድለዋል፤ ከወደቀም በኋላ አንድ ይደግመዋል። የኮነሪ ፊት ላይ ምንም የለም። ቁጣም ሆነ ጸጸት አይታይበትም፤ የዕለት ሥራውን እንደጨረሰ ሠራተኛ ነው። በዚያው ፊልም ጃማይካዊው ረዳቱ ክዋረል በእሳት ሲቃጠል ሐዘኑ ከደቂቃ አያልፍም። ቀደም ሲልም ያንኑ ጥቁር ረዳቱን ጫማውን እንዲያመጣለት ሲያዘው በጌታና በሎሌ ወግ ነው። የኮነሪ ታላቅነት ይህን ጭካኔ ማራኪ አድርጎ ማሳየቱ ነው። አደገኛነቱም እዚሁ ላይ ነው። ተመልካቹ ያጨበጭባል፤ ለምን እንዳጨበጨበ ግን አይጠይቅም።

ኮነሪ አምስት ፊልሞች በተከታታይ ሠርቶ በ1967 ሰልችቶት ሄደ። ተተኪው ጆርጅ ላዘንቢ በፊልም ትወና አንዳች ልምድ ያልነበረው አውስትራሊያዊ የማስታወቂያ ሞዴል ነበር። ብልጠቱ ግን አስገራሚ ነው። ኮነሪ ያዘዘውን ሱፍ ከልብስ ሰፊው ቤት ገዝቶ፣ ጠጉሩን እንደሱ ተስተካክሎ ከፕሮዲዩሰሮቹ ቢሮ ገባ፤ የሌለውን የትወና ታሪክም አወራላቸው። ተቀበሉት። በ1969 «በግርማዊት ንግሥት የምስጢር አገልግሎት» የተሰኘውን ፊልም ሠራና ገና ፊልሙ ሳይታይ ከዚህ በኋላ አልቀጥልም አለ። «የቦንድ ዘመን አልፎበታል፤ ዘመኑ የሂፒዎች ነው» ብለው የመከሩት ነበሩ። ከዚያ ወዲህ የላዘንቢ ስም የውድቀት ምሳሌ ሆኖ ሲጠቀስ ኖሯል።

ይህ ፍርድ ትክክል አይመስለኝም። ላዘንቢ ድምፁና ንግግሩ ደካማ መሆኑን እቀበላለሁ። ነገር ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ሂሳቡ ወደ ቦንድ ቤት የመጣው በእሱ ፊልም ነው። ቦንድ በዳያና ሪግ የተወከለችውን ትሬሲን ያገባል። ሠርጋቸው በተፈጸመ ዕለት፣ መኪናቸውን ከመንገድ ዳር አቁመው አበባ ሲያነሡለት፣ ጠላቶቹ አልፈው ሲሄዱ በተኮሱት ጥይት ሙሽራይቱ ትሞታለች። የሞተችውን ሚስቱን አቅፎ ለመጣው ፖሊስ ደክሟት እንዳረፈች አድርጎ ያወራለታል። ላዘንቢ በኋላ እንደተናገረው መጀመሪያ ሲቀረጽ አልቅሶ ነበር፤ ዳይሬክተሩ ፒተር ሀንት ግን «ቦንድ አያለቅስም» ብሎ አስደገመው። እንባው ቀረ፤ ሐዘኑ ግን ከፊቱ አልጠፋም። ሰይፍ የሚያነሡ በሰይፍ ይጠፋሉ የሚለው የወንጌል ቃል በዚህ ተከታታይ ፊልም ውስጥ የተፈጸመው ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ መንገድ ዳር ነው። ዕዳውን የከፈለችው ግን እሱ ሳይሆን ሚስቱ ነበረች።

ይህ ፊልም የተመልካቹን ልብ ከብዶት ነው መሰለኝ ፕሮዲዩሰሮቹ ደንግጠው ወደ ኮነሪ ተመለሱ። በ1971 «አልማዝ ዘላለማዊ ነው» ለተባለው ፊልም 1.25 ሚሊዮን ዶላር ከፈሉት። ለጊዜው ጆሮ የሚያቆም ገንዘብ ነበር። ኮነሪ ገንዘቡን ለስኮትላንድ ወጣቶች ትምህርት ለተቋቋመ ድርጅት ሰጠና እንደገና ተሰናበተ።

በ1973 ሮጀር ሙር መጣ። የለንደን ፖሊስ ልጅ ነው፤ በ1927 የተወለደ በመሆኑ ከኮነሪ በሦስት ዓመት ይበልጣል። ሰባት ፊልሞች ሠርቷል፤ የመጨረሻውን በ1985 ሲያቀርብ 57 ዓመት ሞልቶት ነበር። ሙር ነገሩን ሁሉ በፈገግታ ያዘው። በየመጠጥ ቤቱ አሳላፊው ሁሉ በስሙ የሚያውቀው ሰው ምን ዓይነት ምስጢራዊ ሰላይ ነው እያለ በራሱ ገጸ ባሕርይ ይቀልድ ነበር። ዘመኑም ቀልድ ይፈልግ ነበር። በ1970ዎቹ እንግሊዝ በሥራ ማቆም አድማና በዋጋ ንረት ተጨንቃ ነበር፤ በ1976 ከዓለም የገንዘብ ድርጅት ብድር እስከ መለመን ደርሳለች። በማግሥቱ ዓመት በ«የወደደኝ ሰላይ» መግቢያ ላይ ሙር ከገደል ተወርውሮ የእንግሊዝ ባንዲራ የተሣለበትን ጃንጥላ ሲዘረጋ የሲኒማ ተመልካቹ ተነሥቶ ማጨብጨቡ አይገርምም።

በእኔ ሚዛን ሲታይ ሙር የመግደል ፈቃዱ የሚያሳፍረው ሰው ነው። መሣሪያ እንደማይወድ ደጋግሞ ተናግሯል። በ1981 «ለዓይንዎ ብቻ» በተባለው ፊልም ገደል አፋፍ ላይ የተንጠለጠለ መኪና ውስጥ ያለ ነፍሰ ገዳይን በእርግጫ ገፍቶ እንዲጥል ሲታዘዝ «ይህ የእኔ ቦንድ አይደለም» በሚል ስሜት አመንትቶ ነበር። ዳይሬክተሩ ጆን ግሌን አስገደደው፤ ትዕይንቱም ከሙር ምርጥ ትዕይንቶች አንዱ ሆነ። በመጨረሻው ፊልሙ ውስጥ ሠራተኞች በመትረየስ የሚረሸኑበትን ክፍል ጨርሶ አልወደደውም። ከ1991 ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞቱ፣ እስከ 2017፣ የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት የበጎ ፈቃድ አምባሳደር ሆኖ ሠርቷል። ሰውየው ደግ ነበር። ደግነቱ ግን ለፊልሞቹ አንድ ችግር አመጣ፦ ሬሳ ይቆጠራል፣ ሞት ግን የለም። ሁሉም በቀልድ ያልፋል። ኮነሪ ግድያን ማራኪ ካደረገው፣ ሙር ደግሞ ክብደት የሌለው አደረገው።

ይህን ሸክም መልሶ ያነሣው በ1946 ዌልስ ውስጥ የተወለደው የመድረክ ተዋናይ ቲሞቲ ዳልተን ነው። የሼክስፒርን ተውኔቶች የተጫወተ ሰው ነበርና ሥራውን ሲቀበል እንደ መድረክ ሰው ምንጩን ፈተሸ፤ የፍሌሚንግን መጻሕፍት ቁጭ ብሎ አነበበ። በመጻሕፍቱ ውስጥ ያገኘው ሰው የደከመው፣ አብዝቶ የሚጠጣ፣ ሥራውን የሚጠላ ሰው ነው። በ1987 የመጀመሪያ ፊልሙ መግቢያ አካባቢ አንዲት አነጣጣሪ ተኳሽ እንዲገድል ይታዘዛል። በመነጽሩ ሲያያት ጠመንጃ አያያዟ የባለሙያ አይደለም። እሷን ትቶ ጠመንጃዋን ይመታል። ባልደረባው ለአለቃ እከስሃለሁ ሲለው ከሥራ ቢያባርሩኝ አመሰግናቸዋለሁ የሚል ዓይነት መልስ ይሰጣል። ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ የመግደል ፈቃድ የያዘው ሰው አለመግደልም ፈቃድ መሆኑን ያሳየን እዚህ ላይ ነው።

በ1989 የወጣው ሁለተኛው ፊልሙ ስሙ ራሱ «የመግደል ፈቃድ» ነው። የቦንድን አሜሪካዊ ወዳጅ ፊሊክስ ላይተርን የዕፅ ነጋዴዎች ለሻርክ ይጥሉታል፤ ሙሽራውንም በሠርጓ ዕለት ይገድሏታል። ቦንድ የራሱን ሠርግ ያስታውሳል። ለመበቀል ሲነሣ አለቃው ፈቃዱን ይነጥቀዋል። ከዚህ በኋላ የሚገድለው ለመንግሥት ሳይሆን ለራሱ ነው፤ መንግሥታዊ መሸፈኛው ሲወልቅ ከሥር ያለው ቂም ይታያል። በፊልሙ መጨረሻ ጠላቱን አቃጥሎ፣ ራሱም በደም ተነክሮ፣ በሚነድደው ነዳጅ አጠገብ ተቀምጦ ሲያለከልክ ፊቱ ላይ የድል ምልክት የለም። አሜሪካ ውስጥ ፊልሙ የተጠበቀውን ገበያ አላገኘም። በዚያው ሰሞን ተመልካቹ «ባትማን»ንና «ኢንዲያና ጆንስ»ን ለማየት ይጋፋ ነበር። በ«ኢንዲያና ጆንስ» ውስጥ አባትየው ሆኖ የሚጫወተው ደግሞ ሌላ ሳይሆን ሾን ኮነሪ ነበር! ከዚያ በኋላ በባለቤትነት ጉዳይ የተነሣ የፍርድ ቤት ክርክር ሥራውን አቆመው፤ በ1994 ዳልተን ተሰናበተ። እሱም እንደ ላዘንቢ «ያልተሳካለት» ተባለ።

በመካከሉ ዓለም ተለወጠ። የበርሊን ግንብ በ1989 ፈረሰ፤ ሶቪየት ኅብረት በ1991 ተበተነች። ጠላት የሌለው ሰላይ ምን ሊሠራ ነው? በ1995 በ«ጎልደን አይ» የመጣው አየርላንዳዊው ፒርስ ብሮስናን የዚህ ጥያቄ ልጅ ነው። በ1986 ተመርጦ ሳለ በአሜሪካ ቴሌቪዥን የነበረበት ውል አሰናክሎት ዘጠኝ ዓመት ጠብቋል። በዚህ ፊልም የስለላ ድርጅቱ አለቃ ኤም ሴት ሆናለች፤ ተዋናይቱ ጁዲ ዴንች ናት። በእውነተኛው ዓለምም ስቴላ ሪሚንግተን በ1992 የአገር ውስጥ ስለላውን ድርጅት መምራት ጀምራ ነበር። አዲሲቱ አለቃ ቦንድን ሴት የምትንቅ፣ ከቀዝቃዛው ጦርነት የተረፍክ አሮጌ ዕቃ ነህ ብላ ፊት ለፊት ትነግረዋለች። ብሮስናን ከኮነሪ ግርማን፣ ከሙር ፈገግታን፣ ከዳልተን ጥቂት ቁስልን ወስዶ አስማምቷል። በ1999 «ዓለም አትበቃም» በተሰኘው ፊልም የወደዳትንና የከዳችውን ኤሌክትራን መሣሪያ ሳትይዝ ይገድላታል፤ ከዚያም አጎንብሶ ያያታል። ያቺ ቅጽበት እውነት አለባት። ነገር ግን ፊልሞቹ እንዲህ ያለውን ቅጽበት ወዲያው በፍንዳታ ይሸፍኑታል። በ2002 ቦንድ የማይታይ መኪና መንዳት ሲጀምር ነገሩ ተረት ሆኖ አረፈ።

ዳንኤል ክሬግ በ2005 ሲመረጥ የእንግሊዝ ጋዜጦች ተሳለቁበት፤ ጠጉሩ ብጫ ነው፣ መልኩ የወንበዴ ነው ተባለ። በ2006 «ካዚኖ ሮያል» ሲታይ ግን አፍ ሁሉ ተዘጋ። ፊልሙ የሚጀምረው ቦንድ ሁለቱን ዜሮዎች እንዴት እንዳገኛቸው በማሳየት ነው። ፈቃዱ የሚገኘው ሁለት ሰው በመግደል ነው። የመጀመሪያው ግድያ በመጸዳጃ ቤት ውስጥ የሚካሄድ አስቀያሚ ትግል ነው። ሰው ቶሎ አይሞትም፤ ቦንድ ይደክማል፣ ያለከልካል። አፍሪካዊ ተመልካች ልብ ሊለው የሚገባ ሌላ ትዕይንትም አለ። ማዳጋስካር ውስጥ አንድ ቦምብ ሠሪ እያባረረ «ናምቡቱ» ከምትባል የፈጠራ አፍሪካዊት አገር ኤምባሲ ግቢ ይገባና ተፈላጊውን መሣሪያ ባልያዘበት ተኩሶ ይጥለዋል። በኮነሪ ዘመን ቢሆን ጭብጨባ ነበር። አሁን ግን ድርጊቱ በካሜራ ተቀርጾ ጋዜጣ ላይ ይወጣል፤ አለቃውም ትቆጣዋለች። ፈቃዱ ጠያቂ አገኘ። በኋላም በሆቴል ደረጃ ላይ ሁለት ሰው ገድሎ ክፍሉ ሲገባ ከመስተዋቱ ፊት ቆሞ ደሙን ያጥባል፣ መጠጥ ይጨልጣል፣ ራሱን ትክ ብሎ ያያል። ከስድስቱ ተዋንያን መካከል ከግድያ በኋላ ፊቱን በመስተዋት እንዲህ ያየው እሱ ነው። ያየችው ቬስፐር ደግሞ ከነልብሷ ሻወር ሥር ተቀምጣ ትንቀጠቀጣለች፤ ቦንድም አጠገቧ ይቀመጣል።

ከዚያ በ2012 የወጣው «ስካይፎል» ከቦንድ ፊልሞች ሁሉ የመጀመሪያው ሆኖ ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። የክሬግ የመጨረሻ ፊልም «ለመሞት ጊዜ የለም» በኮቪድ ወረርሽኝ ምክንያት ዘግይቶ በ2021 ታየ። በዚህ ፊልም የእንግሊዝ የስለላ ድርጅት በምስጢር ያሠራው፣ ሰውን መርጦ የሚገድል መርዝ በጠላት እጅ ይወድቃል፤ በመጨረሻም በቦንድ ሰውነት ውስጥ ይገባል። ከዚያ በኋላ የሚወዳትን ሴትና ትንሽ ልጁን ቢነካ ይገድላቸዋል። ይህን ነገር አስቡት! በ1962 በኪሱ ይዞት የሚዞር ወረቀት የነበረው ፈቃድ በ2021 ሥጋው ውስጥ ገባ። ሰውየውም የራሱ አገር የጦር መርከብ ወደ ደሴቲቱ ሚሳይል እንድትተኩስ አድርጎ እዚያው ቆሞ ይሞታል። ሂሳቡ በሚስት ላይ ሳይሆን በባለቤቱ ላይ ተወራረደ።

ፊልሙ ሲያልቅ የሚሰማው የሉዊ አርምስትሮንግ ዘፈን ከየት የመጣ ነው? በ1969 ለላዘንቢ ፊልም የተዘፈነው ነው። ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። የክሬግ ፊልሞች የተሠሩት «ወደቁ» በተባሉት በሁለቱ ሰዎች መሠረት ላይ ነው። ቦንድ ሊያዝን እንደሚችል ያሳየው ላዘንቢ ነው። ቦንድ ሥራውን ሊጠላ፣ ሊበቀል፣ ሊቆስል እንደሚችል ያሳየው ዳልተን ነው። እነሱ ዘሩት፤ ክሬግ አጨደው። ስድስቱ ሰዎች በተከታታዩ ውስጥ የሠሯቸው ፊልሞች 25 ናቸው፤ ኮነሪ 6፣ ላዘንቢ 1፣ ሙር 7፣ ዳልተን 2፣ ብሮስናን 4፣ ክሬግ 5። ከእነዚህ መካከል የሁለቱ «ያልተሳካላቸው» ድርሻ ሦስት ፊልም ብቻ ነው። እነዚያን ሦስቱን አውጥተን ብናይ ግን «ካዚኖ ሮያል»ም ሆነ «ለመሞት ጊዜ የለም» ከምን እንደተወለዱ ለማወቅ ይቸግረን ነበር። ገበያ የዕለቱን ይፈርዳል፤ ጊዜ ግን ሌላ ችሎት አለው።

እንግዲህ ማን ይበልጣል? በግርማ ኮነሪን የሚያህል የለም። በደግነት ሙር ይልቃል። ሁሉን በማስማማት ብሮስናን ተሳክቶለታል። በእኔ ሚዛን ግን ክሬግ ይቀድማል፤ ግራና ቀኙን ላዘንቢና ዳልተን ቆመው። በየካቲት 2025 የፈጠራ ሥልጣኑ ከብሮኮሊ ቤተሰብ ወደ አማዞን ኩባንያ መዛወሩ ተነግሯል። አዲሶቹ ባለቤቶች ስለ ሱፉ፣ ስለ መኪናውና ስለ ሰዓቱ ብዙ እንደሚጨነቁ አልጠራጠርም። እኛ ተመልካቾች ግን ሰባተኛው ሰው የመጀመሪያውን ጥይት ሲተኩስ የወደቀውን ሳይሆን የቆመውን እንይ። ፊቱ ላይ ምንም ከሌለ ወደ 1962 ተመልሰናል ማለት ነው።